መቅደሱ በየት በኩል ነው?

እናቴ ልትጠይቀኝ ከጎንደር ፓሪስ በመጣች ጊዜ፣ ከከተማዋ መስህቦች ሁሉ አስቀድሜ የወሰድኳት በሴን ወንዝ ዳር፣ ከኤፍል ማማ ብዙም ሳይርቅ ወደሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ነበር። ከአገሯ የወጡ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በዚያ እንዳሉ ነግሬያት ስለነበር ነጠላዋን እንደ ሰንበት ቀን አጣፍታ ነው ከቤት የወጣችው። ከሥዕሎቹ ፊት ስንደርስ አማተበች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጥቂት ቆየች፣ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመልክታ በለሆሳስ «ልጄ፣ መቅደሱ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ሥዕሎቹ በሥርዓት ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ ቀለማቸውን እንዳይጎዳ ተመጥኗል፤ ዘመናቸውንና መነሻቸውን የሚገልጽ ጽሑፍም አለ። ምሥራቁን የሚያመለክት ነገር ግን አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ከሥዕል ፊት ሲቆም አስቀድሞ የሚያውቀው የት እንደቆመ ነው፤ ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ ወደ ቅድስቱ ሲገባ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን ወደ እርሱ እንደሚመለከቱ፣ ከእነርሱ በስተኋላም ከአገልጋዮቹ በቀር ማንም የማይገባበት፣ ታቦቱ ያለበት ስፍራ እንዳለ ያውቃል። ሥዕሉ የዚያ ስፍራ ልብስ ነው። እናቴ ልብሱን አይታ ለባሹን ጠየቀች፤ ክፍሉ ግን ለባሹ የት እንዳለ ሊነግራት አልቻለም።

እኔ የምተዳደረው ቅርሶችን በካሜራና በሌዘር እየለካሁ ባለ ሦስት አውታር ዲጂታል ቅርጻቸውን በመሥራት ነው። በሙያዬ ምክንያት ስለ ቅይጥ እውነታ ቴክኖሎጂ፣ ማለትም በኮምፒዩተር የተሠራ ምስልን በመነጽር አማካይነት ካለንበት ስፍራ ጋር አዋሕዶ ስለሚያሳየው አሠራር፣ እንዲሁም ስለ ወደፊቱ የኪነ ጥበብ አቀራረብ ብዙ ንግግር እሰማለሁ፤ አብዛኛውም ስለ አስደናቂነቱ ነው። ተመልካቹ በሥዕሉ ውስጥ እንደሚመላለስ፣ ሐውልቱ ከመቆሚያው ወርዶ እንደሚናገር፣ ቀለሙ በአየር ላይ እንደሚንሳፈፍ ይነገራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቴክኖሎጂውን የምመዝነው በእናቴ ጥያቄ ሆኗል፤ ከቦታው ለተነሣ ሥዕል አቅጣጫውን ሊመልስለት ይችላል ወይ እያልኩ ነው የማስበው።

ሥዕሎቹ በጎንደር ከሚገኘው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተወሰዱ ናቸው። የተሣሉት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን በማቋረጥ በ1933 ጅቡቲ የደረሰው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 በጎንደር ወራት ሲያሳልፍ፣ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሥዕል ከግድግዳው ላይ ተላጠ። መላጥ የተቻለው የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ የሚሥለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ በመሆኑ ነው። በተነሡት ሥዕሎች ምትክ የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አስመስሎ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ፓሪስ ገብተው ለረጅም ዘመን ሙዜ ደ ሎም በተባለው ሙዚየም ከቆዩ በኋላ በ2006 ወደተከፈተው ኬ ብራንሊ ተዛወሩ። ይህን የቅጂ ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ቅይጥ እውነታ፣ በብዙዎች አፍ ሚክስድ ሪያሊቲ የሚባለው፣ ስያሜው ከተለመደ ሰነባብቷል። ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን እንደ አንድ መስመር አድርገው ገልጸውታል፤ በአንደኛው ጫፍ ያለንበት ዓለም፣ በሌላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ዓለም አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ቅይጥ ነው። በተግባር ሲታይ፣ በመነጽሩ ላይ ያሉት ካሜራዎችና የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ክፍሉን በየቅጽበቱ ይለካሉ፤ ግድግዳው የት እንደሚጀምር፣ ወለሉ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ የተመልካቹ ራስ ወዴት እንደዞረ ያሰላሉ። ከዚያም ምስሉን ባለሙያዎች መልሕቅ በሚሉት ነጥብ ላይ ያስሩታል። ተመልካቹ ሲጠጋ ምስሉ ይጎላል፣ ሲዞር በጎኑ ይታያል፤ አሠራሩ የተሟላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው በፊቱ ሲያልፍ ይጋረዳል። መልሕቅ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ እናቴ የጠየቀችኝ የመልሕቅ ጥያቄ ነበር።

በዚህ መንገድ የተሠሩ የጥበብ ሥራዎች አሁንም አሉ። በገዛ አካሏ ትዕይንት የምታቀርበው አርቲስት ማሪና አብራሞቪች በ2019 ለንደን በሚገኘው የሰርፐንታይን ጋለሪ ለ19 ደቂቃ የሚቆይ ሥራ አቅርባ ነበር፤ ቀይ ልብስ ለብሳ በአዳራሹ መሐል ስትንቀሳቀስ ትታያለች፣ እርሷ ግን በዚያ የለችም። ጃፓናዊው የሙዚቃ ሰው ሪዩቺ ሳካሞቶ በመጋቢት 2023 አረፈ፤ በሕይወት ሳለ በዚሁ ቴክኖሎጂ የተቀረጸው የፒያኖ ዝግጅቱ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ለተመልካች ቀረበ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ከ2021 ጀምሮ በፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የቀረበውን ነው፤ ከምድር የጠፉ እንስሳት በክፍሉ ውስጥ ቆመው ይተነፍሳሉ። ልቤ ተነክቷል፤ ዳግም የማይመጣ ፍጡር በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ እንስሳቱ የቆሙበት ክፍል ሌላ ማንኛውም ክፍል ሊሆን ይችል ነበር። የሰው ልጅ ሥራዎች ከሆኑት መካከል ግን ከቦታቸው ውጭ ግማሽ የሆኑ አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከእነዚህ ዋነኛው ይመስለኛል።

እንግዲህ የምመኘውን ልናገር። ቦታው ጎንደር ነው፤ ሰዓቱም ቅዳሴ ካለቀ፣ ሕዝቡም ከተበተነ በኋላ። ጎብኚው ጫማውን በደጅ አውልቆ ይገባል። መነጽሩን የሚያቀብለው ከደብሩ አገልጋዮች አንዱ ነው፤ ለመግለጫ የሚሆን ሰሌዳ፣ የሚበራ ማያ፣ ተራኪ ድምፅ የለም። በመጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ብቻ ነው። ጎብኚው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጥቂት ሲቆይ፣ ሰው ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀስ በቀስ እንደሚላመድ፣ ሥዕሎቹ በየቦታቸው፣ በልካቸውና በከፍታቸው እየወጡ ይመጣሉ። ልኬቱ ትልቅ ነገር ነው። በመጽሐፍ ላይ የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ሆኖ የምናውቀው ፈረሰኛ ሰማዕት በግድግዳው ላይ ከሰው በላይ ነው፤ እርሱን ለማየት አንገትን ቀና ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያ ቀና ማለት ራሱ የሥዕሉ አካል ነው።

የጎንደር ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ መሣሉን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ይህ ልማድ ትርጉሙ የሚገባው ተመልካቹ በተገቢው ስፍራ ሲቆም ነው። ጻድቃኑ ከላይ ሆነው በሙሉ ፊታቸው ይመለከቱታል፤ ኃጥኡ ደግሞ ከጎን የተሣለ ስለሆነ ጎብኚው የትም ቢቆም ዓይኑ ከእርሱ ጋር አይገናኝም። ግድግዳውን በዝግታ እየተከተለ የሚሄድ ሰው በዓይን የሚጠብቁትንና የሚሸሹትን እየለየ ይሄዳል። ይህን በፎቶግራፍ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ፎቶግራፉ ዓይኑን ያሳያል እንጂ መመልከቱን አያሳይም። በትክክል የታሰረ ቅይጥ ምስል ግን የተመልካቹን ቦታ ስለሚያውቅ መመልከቱን ለመመለስ ተስፋ አለው።

ከዚህ በላይ የምፈልገው አንድ ነገር ቴክኖሎጂው መጥፋቱን እንዳይሸፍን ነው። ጎብኚው ጥቂት ወደ ኋላ ሲል የ1932ቱ ቅጂ በዋናው ቦታ ይተካ፤ ደግሞ ሲል ጨርቁ የተላጠበት ባዶ ግድግዳ ይታይ፤ ወደ ፊት ሲጠጋ ዋናው ይመለስ። እጅ ሊደርስበት ወደሚችል ርቀት ሲቀርብ ደግሞ ምስሉ እየሳሳ ሄዶ ግድግዳው በውስጡ ይታይ። እንዲህ ሲሆን ሰው ሥዕሉንም፣ የሥዕሉን አለመኖርም ባንድ ጊዜ ያያል። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ምስሉ ፍጹም እውነት እንዲመስል ይደክማሉ፤ ድካማቸውን አከብራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ፍጹም መምሰል ሰውን ማታለል ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ምኞቱን ወደ ሥራ ለመለወጥ ስነሣ የሚገጥመኝ የመጀመሪያው ችግር ጥቁር ቀለም ነው። ዛሬ ያሉት መነጽሮች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። እንደ ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ ያሉት መስታወታቸው ግልጽ ነው፤ ተመልካቹ ግድግዳውን በራሱ ዓይን እያየ በመስታወቱ ላይ ብርሃን ይጨመርለታል። ብርሃን ይጨምራሉ እንጂ ስለማይቀንሱ ጥቁርን ማውጣት አይችሉም፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ወደ ግድግዳው ያሳልፋል። የጎንደር ሥዕል ግን የቆመው በጥቁር መስመር ላይ ነው። በተለይም በመጀመሪያው የጎንደር ዘይቤ ቅንድቡን፣ የዓይኑን ዙሪያ፣ የጣቶቹን መለያያ፣ የልብሱን እጥፋት የሚይዘው ያ መስመር ነው፤ ቀዩና ቢጫው በእርሱ ተከልለው ነው የሚኖሩት። መስመሩ ሲሳሳ ሥዕሉ አጥንቱ እንደወጣ አካል ይሆናል። በ2022 የወጣው ማጂክ ሊፕ 2 የመስታወቱን ክፍሎች ማጨለም ቢችልም፣ የሚሰጠው ጥላ ዳርቻው ደብዛዛ ስለሆነ የብሩሽ ጫፍ የሠራውን ቀጭን መስመር አይተካም።

ሁለተኛው መንገድ የአፕል ቪዥን ፕሮና የሜታ ክዌስት 3 ነው። እነዚህ ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ፤ አካባቢውን በውጭ ካሜራዎቻቸው ተቀብለው በውስጥ ማያዎቻቸው ላይ ያሳያሉ። ጥቁሩ በሚገባ ይወጣል። ነገር ግን ተመልካቹ ቤተ ክርስቲያኑን በዓይኑ ማየቱ ቀርቶ የቤተ ክርስቲያኑን ቪዲዮ ያያል። ካሜራ ደግሞ ጨለማ አይወድም፤ በመስኮት ሾልኮ በሚገባ ብርሃንና በጧፍ ነበልባል ብቻ በሚበራ ስፍራ ምስሉ ይሻክራል፣ የቦታ ልኬቱም ይዋልላል፤ ከግድግዳው ጋር የታሰረው ቅዱስ ሲንቀጠቀጥ ማየት ደግሞ ከምንም በላይ የሚከፋ ነገር ነው። ክብደቱም አለ፤ ክዌስት 3 ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ቪዥን ፕሮ ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል። ዋጋቸው ለገበያ ሲቀርቡ በ2023 የክዌስቱ 499፣ በ2024 የቪዥን ፕሮው 3,499 የአሜሪካ ዶላር ነበር። የትኛውን ትመርጣለህ ብባል ግልጹን መስታወት እመርጣለሁ፤ ሰው ግድግዳውን በራሱ ዓይን ይይ፣ ጥቁሩን የሚያወጣ መስታወት እስኪሠራም እንታገሥ። ደግሞም የቤተ ክርስቲያን ድንግዝግዝታ ለካሜራ የሚከብደውን ያህል ለተጨመረ ብርሃን የተመቸ ነው፤ በፀሐይ የሚደበዝዘው ምስል በዚያ ይደምቃል።

ከቴክኒኩ ይልቅ ብዙ የማስብበት ጉዳይ ግን ወሰኑ ነው። ሌዘር መጋረጃ አያከብርም። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለክቶ ባለ ሦስት አውታር መዝገብ ማዘጋጀቱ ለጥገናና ለጥናት ያለውን ዋጋ እኔ ከማንም በላይ እረዳለሁ፤ ሙያዬ ነውና። ስለ ወደፊቱ የጥበብ ተሞክሮ ሲታሰብ ግን ማሽኑ ሊደርስበት የሚችለው ሁሉ ለተመልካች ይከፈት ማለት አይቻልም። በአካል ወደ መቅደስ የማይገባ ሰው በመነጽርም ሊገባ አይገባውም፤ የምስሉ ዓለም በመጋረጃው ላይ ያበቃል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ ሳይታዩ ተቀምጠዋል፤ ለእነዚህ ዲጂታል ቅጂ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቢነሣ መልሴ አይሆንም ነው። አለመታየትም በባህላችን የክብር መልክ ነው፤ ይህን የማያውቅ የጥበብ ቴክኖሎጂ ለእኛ ሊሠራ አይችልም። መነጽሩ በየትኛው ሰዓት ይግባ፣ ማን ያድርገው፣ ምን ይታይ የሚለውን መወሰን ያለባቸውም የደብሩ አለቃ፣ ቄሰ ገበዙና ሰበካው ናቸው፤ ባለሙያው ተጠይቆ ሲመልስ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቅጂው ልመለስ። በ1932 ዋናው ሄዶ ቅጂው ቀረልን። እኔ በብርሃን የተሠራ ሥዕል ይዤ ጎንደር ብሄድ፣ ዋናው ፓሪስ እንዳለ ሁለተኛ ቅጂ ይዤ መሄዴ ነው። የማልደብቀው ስጋት ይህ ነው፤ «እነሆ በስፍራችሁ አያችሁት፤ ከእንግዲህ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ቀን እንዳይመጣ እፈራለሁ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በ2017 በዋጋዱጉ ስለ አፍሪካ ቅርሶች መመለስ ከተናገሩ በኋላ፣ በ2018 ፌልዊን ሳርና ቤኔዲክት ሳቮይ ያቀረቡት ጥናት መመለሱን የሚደግፍ ነበር፤ በ2021ም 26 የንጉሣዊ ቤት ቅርሶች ለቤኒን ተመልሰዋል። እኛም በራሳችን ታሪክ የምናውቀው አለ። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት፣ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ፣ በ2005 በአውሮፕላን ተጭኖ ተመለሰ፤ በ2008ም በስፍራው ቆመ። ያን ጊዜ በሐውልቱ ፋንታ በብርሃን የተሠራ ምስል በአክሱም አደባባይ እናቁምላችሁ የሚል ቢመጣ ማን በተቀበለው? ጨርቅ ከድንጋይ ይቀላል። ስለዚህ ይህን የመሰለ ሥራ ስሠራ በውሉ ላይ እንዲጻፍ የምፈልገው የመጀመሪያው ነገር ምስሉ ለመመለስ ጥያቄ መልስ ተደርጎ የማይቆጠር መሆኑ ነው።

ዕድሜውም እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ሆሎሌንስ ገበያ የወጣው በ2016 ነበር፤ የተተኪው የሆሎሌንስ 2 ምርት ማብቃቱ የተነገረው በ2024 ነው። ለዚያ መሣሪያ ብቻ ተብሎ የተሠራ የጥበብ ሥራ ሁሉ ከእርሱ ጋር ሊያረጅ ነው። በጨርቅ ላይ የተሣለው ግን ከ300 ዓመት በላይ ቆይቷል። እንግዲህ መነጽሩ አላፊ መሆኑን አውቆ ልኬቱን፣ የቀለሙን መዝገብና ሥዕሎቹ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደነበሩ የሚያሳየውን ጥናት ማንኛውም ማሽን ሊያነበው በሚችል ቅርጽ ማስቀመጥ፣ አንዱን ቅጂም በጎንደር ማኖር ይገባል። የነገው መሣሪያ ምን እንደሚመስል ማንም አይናገርም፤ ምሥራቁ ግን አይለወጥም።

ባለፈው ሰሞን ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ አጫወትኳት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ ስለ መስታወቱና ስለ ጥቁሩ ቀለም የነገርኳትን ምን ያህል እንደተከተለች እንጃ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መሳለም ይቻላል?»

ወዲያው ይቻላል አልኳት። ይህ ከሌሎቹ ቴክኖሎጂዎች የሚለይበት ነው፤ ምስሉ የታሰረው በእውነተኛ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ከንፈርና ግንባር የሚያርፉበት አካል አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በዓይነ ሕሊናዬ ትታየኝ ጀመር፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ ቅዱሳኑ በየስፍራቸው ሆነው ቁልቁል እየተመለከቷት። ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ግንባሯ ላይ ግማሽ ኪሎ መሣሪያ አለ። ለመሳለም መነጽሩን ማውለቅ አለባት፤ ስታወልቀው ደግሞ ከፊቷ የሚቆያት ጨርቁ የተላጠበት ግድግዳ ነው።